ሦስተኛው ጥቁር ብርጭቆ

ሽማግሌው ከምድር ቤቱ ደረጃ ሥር በጎኑ ተጋድሟል። ልጁ ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አድርጋ «አባዬ! አባዬ!» ትላለች። ነጭ ሽርጧ ከደረቷ እስከ ጉልበቷ ቀልቷል፤ የቱ ደም፣ የቱ ወይን እንደሆነ ለመለየት ጎንበስ ብዬ ማሽተት ነበረብኝ። ሁለቱም ነበሩበት።

«ይተነፍሳል!» አለ ረዳቴ ጣቱን ከሽማግሌው አንገት ሳያነሳ። «እትዬ ጉንዳን፣ ሰውየው ይተነፍሳል!»

ጉንዳን እኔ ነኝ። ስሙን ያወጡልኝ የጣቢያው ሰዎች ናቸው፤ ከነከሰች አትለቅም ለማለት ነው። ቅር ብሎኝ አያውቅም። መርማሪ ካልነከሰ ምን ሥራ አለው?

አምቡላንሱ ሽማግሌውን ሲያነሳ ልጅቱ ተከትላ ልትገባ ስትል ክንዷን ያዝኳት። እንዲህ ያለው ነገር ደስ አይለኝም፤ ግን ምን ላድርግ? አጠገቡ የተገኘችው እሷ ናት። የምድር ቤቱ ቁልፍ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። የተመታበት ጠርሙስም ከጎኗ ወድቋል፤ ያልተከፈተ፣ ያልተሰበረ ወፍራም የወይን ጠርሙስ፣ ቂጡ ላይ ሽበት ተጣብቆበታል። አንገቱ ግን በጨርቅ ተወልውሏል፤ አሻራ የሚባል ነገር አልተረፈበትም።

«አብሬው ልሂድ!» አለችኝ።

«አትሄጂም።»

«እሺ ሲነቃ ማንን ያገኛል?»

ረዳቴ ወደ መኪናው ወሰዳት፣ እኔም ወደ ላይ ወጣሁ።

ቤቱ የወይን አስመጪ ቤት ነው። ፊት ለፊቱ ሱቅ፣ ከሱቁ ጀርባ የቅምሻ ክፍል፣ ከሥር ምድር ቤት። አስመጪው ሆዱ ከእሱ የሚቀድም፣ ድምፁ ደግሞ ከሆዱ የሚቀድም ሰው ነው። ዛሬ ግን ድምፁ ራሱ ተሰብሯል።

«ጋሼ አፍንጫን!» ይላል ግንባሩን እየመታ። «ጋሼ አፍንጫን የሚመታ እጅ እንዴት አይደርቅም!»

ሽማግሌው ጋሼ አፍንጫ የተባለው ያለነገር አይደለም። የዚህ ቤት ዋና ቀማሽ እሱ ነው፤ ያልቀመሰው ወይን ሱቅ ውስጥ አይገባም። አሁን ግን መንገድ ሰልችቶት ተተኪ ይፈለግለት ብሏል። ተተኪው በየዓመቱ ስፔንን፣ አርጀንቲናን፣ ኡራጓይን፣ ሜክሲኮን እየዞረ ወይን የሚመርጥ ሰው ነው። በዚህ ከተማ ወይን የሚያውቅ ሁሉ ይህን ወንበር በሕልሙ ያያል።

«ዛሬ ምርጫው ነበር» አለኝ አስመጪው፣ ወደ ቅምሻው ክፍል እየመራኝ። «ሁለት ሰው ነው የቀረው።»

ክፍሉን ሳይ መጀመሪያ የመሰለኝ የፈተና አዳራሽ ነው። ሁለት ጠረጴዛ፣ በመካከላቸው ከሰው ቁመት የሚበልጥ የእንጨት ግርዶሽ፣ ከግርዶሹ ወዲያ አንድ የኋላ በር። በየጠረጴዛው ላይ አራት አራት ብርጭቆና አንድ የመትፊያ ባልዲ። ብርጭቆዎቹ ድፍን ጥቁር ናቸው።

«ጥቁር ለምን ሆነ?»

«ዓይን ስለሚዋሽ። ቀለሙን ያየ ሰው ምላሱን አይሰማም። በዚህ ውስጥ ግን ቀዩ ይድመቅ ይፍዘዝ፣ መቅመስ እንጂ ማየት የለም።»

«ግርዶሹስ?»

«አንዱ ፊቱን ካጨፈገገ ሌላው ይከተላላ! ደወል እስክደውል ድረስ መነጋገር የለም፣ መተያየት የለም። ጠርሙሶቹ ከረጢት ይለብሳሉ፤ ከአንድ እስከ አራት ቁጥር ተጽፎባቸዋል። እኔ ራሴ አለበስኳቸው፣ ለጋሼ አስረከብኩ፤ ልጅቱ ሽርጧ ላይ እያንጠባጠበች ቀድታ በሩን ዘግታ ወጣች። አራቱም እዚህ ከእኔና ከጋሼ በቀር ማንም ቀምሷቸው የማያውቅ ወይኖች ናቸው። ተፈታኞቹ አገሮቹን ያውቃሉ፤ የትኛው የየት እንደሆነ ግን ምላሳቸው ነው የሚነግራቸው።»

ረዳቴ ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ ዘንበል እያደረገ ያያል። «በር ጋ የተቀመጠችው ግማሽ ግማሹን ትታዋለች። የወዲያኛው ግን ጥርግ አድርጎታል። ጨዋ ሰው ነው፣ ሲጋበዝ አያስተርፍም።»

ሳቅኩ፤ አለፍነው።

«ልጅቱና አባቷ እንዴት ነበሩ?» አልኩት አስመጪውን።

አንገቱን ደፋ። «እውነቱን ልናገር? ጠዋት ተጣልተዋል። እሷም ልፈተን አለች። እኔ እንኳ ጋሼን ለምኜው ነበር፤ የልጁ አፍንጫ የዋዛ አይደለም። እሱ ግን ‹ለልጁ ሰጠ እንዲሉኝ አልፈልግም› ብሎ ድርቅ አለ። ‹ከመንገዴ ዞር በልልኝ!› ብላ ስትጮህበት ሱቅ ድረስ ተሰማ።»

ቁልፍ፣ ደም፣ ጠብ። አለቃዬ ይህን ቢሰማ ፋይሉን ዘግቶ ምሳውን ይበላል። እኔን ግን ያ የተወለወለ ጠርሙስ እረፍት ነሳኝ። አሻራዋን አስባ የወለወለች ሴት፣ ሽርጧን በደም ነክራ ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች?

መጀመሪያ ያነጋገርኳት ጋዜጠኛዋን ነው። ስለ ምግብና መጠጥ የምትጽፍ፣ ቀጭን፣ ፈጣን ሴት ናት። ከንፈሯ ጠቁሯል። ድንጋጤ ነው ብዬ ውሃ አስመጣሁላት።

«ከክፍሉ ወጥተሽ ነበር?»

«በጭራሽ!» አለች፤ ትንሽ ፈጠነች። «ስቀምስ ነበር። ከፈለጉ አንድ በአንድ ልንገርዎት። አንደኛው ጥቁር ቼሪ፣ ጭስ፣ መጨረሻ ላይ እሾህ ነገር ያለበት ነው፤ ስፔን አልኩ። ሁለተኛው ልስልስ ያለ፣ እንደ ፕሪም ማርማላታ፤ አርጀንቲና። አራተኛው ጨው ጨው ይላል፤ የሜክሲኮ ወይን እንዲያ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ሦስተኛውን ዘለልሽው።»

ዓይኗ በራ። እዚያው በእንባዋ መሃል በራ! «እሱማ ጉድ ነው! ቅልል ያለ፣ እንጆሪ እንጆሪ የሚል፣ ዝናብ የነካው አቧራ የሚሸት። አንዴ ቀምሼ ሦስቴ ተመለስኩበት። በቀሪ ኡራጓይ መሆን አለበት፤ ምላሴ ግን እሺ አላለኝም።»

ሁለተኛው ሰው በትልቁ ሆቴል የወይን አሳላፊ ነው። ሁሉም ከረባት ነው የሚሉት፤ ከረባቱን ሳያስር የታየበት ቀን የለም አሉ። ፈገግ ሲል ጥርሱ የማስታወቂያ ጥርስ ይመስላል፣ ወተት። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፣ በገዛ ምርመራዬ!

«አሳዛኝ ነገር ነው፣ ኢንስፔክተር። ጋሼ ለእኔ አባት ነበሩ።»

«ናቸው። አልሞቱም።»

«ናቸው፣ ናቸው። ይቅርታ።»

«ከክፍሉ ወጥተው ነበር?»

«እንዴት እወጣለሁ? አራት የማላውቀው ወይን ተደርድሮልኝ!» ጣቶቹን እያነሳ ቆጠረልኝ። ስፔን፣ አርጀንቲና፣ ሜክሲኮ፤ በእነዚህ ከጋዜጠኛዋ ጋር አንድ ሆነ። «ሦስተኛው ግን ከሁሉም ይበልጣል። ወፍራም፣ ምላስ የሚያስር፣ ቆዳና ሻይ ቅጠል ያለበት። ኡራጓይ ነው፤ የታናት ወይን የሚባለው። ደወሉ ሲደወል እሱን ነበር አፌ ውስጥ የማገላብጠው።»

ተመልሼ ጋዜጠኛዋን መንገድ ላይ ደረስኩባት። «ያንቺ ቅልል ያለው፣ የእሱ ወፍራም ነው። አንድ ጠርሙስ አይደለም እንዴ የቀመሳችሁት?»

«አይ ኢንስፔክተር፣ ሁለት ቀማሽ ባለበት ሦስት ሐሳብ አይጠፋም» ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ወዲያው ከሰመ። «እሱ ደግሞ በከተማው አለ የተባለ ምላስ ነው። ተሳስቼ ይሆናል።»

እኔ ከሻይ በቀር የቀመስኩት ነገር የለ፤ በሰው ምላስ ምን አገባኝ? ተውኩት። ያን ጊዜ መተዌን ሳስብ አሁንም ራሴን ልቆነጥጥ ይቃጣኛል።

ጣቢያ ስገባ አለቃዬ ቆሞ ጠበቀኝ። «ነገ እኩለ ቀን ላይ ፋይሏ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ይሄዳል።»

«የወለወለው ሰው...»

«ጉንዳንዬ፣ አጥንት ነው የያዝሽው። ልቀቂ።»

ልጅቱን ማረፊያ ክፍል ሄጄ አየኋት። ሽርጧን ወስደንባት በእስር ቤት ነጠላ ጫማ ቁጭ ብላለች። የራሷ የሸራ ጫማ፣ ከነማሰሪያው፣ በር ላይ ተቀምጧል። ሐኪም ቤት ደውዬ የሰማሁትን ነገርኳት፤ አልነቃም፣ ነገን ማለፉም አይታወቅም።

አላለቀሰችም። ሁለት እጇን አጣምራ ወደ እኔ ዘረጋች። «እሰሩኝ። እኔ አትሰሩኝ አላልኩም። ብቻ አጠገቡ እሰሩኝ። አልጋው ላይ በካቴና እሰሩኝ፣ እትዬ። የመጨረሻ ቃሌ ‹ዞር በልልኝ› እንዳይሆን።»

በእንዲህ ያለ ነገር ብዙ ሰው አታሎኛል፤ ለቅሶም አውቃለሁ፣ መሐላም አውቃለሁ። ይህን ግን አመንኩ። አመንኩና ደግሞ ፈራሁ፤ ምክንያቱም ማመን ማስረጃ አይደለም፣ እኩለ ቀን ደግሞ ይደርሳል።

በነጋታው ማለዳ ረዳቴን ይዤ ወይን ቤቱ ደረስኩ። ከቅምሻው ክፍል የሚወጣው ኮሪደር አንድ ጥግ ይታጠፍና መስኮት ጋ ይደርሳል። መስኮቱ ደፍ ላይ የሲጋራ አመድ አገኘሁ። አስመጪው አያጨስም። ጋሼ አፍንጫ ሲጋራ የያዘ ሰው ሱቁ በር ላይ ካየ ያባርራል። ልጅቱም የአባቷ ልጅ ናት።

ጋዜጠኛዋን ጠርቼ አመዱን አሳየኋት። ገና ምንም ሳልላት ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች።

«ወጥቻለሁ። ሁሉንም ከቀመስኩ በኋላ ነው፤ ጭንቀቱ አልቻልኩትም፣ አንዲት ሲጋራ...»

«ትናንት በጭራሽ ብለሽኝ ነበር!»

«እንዴት ብዬ ልንገርዎት? ቀማሽ ታጨሳለች ከተባለ እኮ ማን ያምነኛል? ምላሴን ገደልኩ ማለት ነው። ማታ ማታ ቤቴ በር ዘግቼ የማጨስ ሰው ነኝ፤ ባሌ እንኳ አያውቅም!»

ረዳቴ ፊቱን አዞረ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጣል። ሰው በነፍስ ግድያ ሙከራ ተጠርጥሮ ሲጋራውን ይደብቃል! እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ጉንዳኑ ተነስቶብኛል።

«መስኮቱ ጋ ስትቆሚ ማንን አየሽ?»

«ከመታጠፊያው ወዲያ ስለሆነ ደረጃው አይታይም። ብቻ ሰው ወደ ምድር ቤት ሲወርድ ሰማሁ። ልጅቱ ናት ብዬ ሲጋራዬን ጣልኩና ተመለስኩ።»

«እንዴት ያለ እርምጃ?»

አሰበች። «ቋ... ቋ... ቋ። ድርቅ ያለ ሶል።»

ልጅቱ የሸራ ጫማ ነው ያደረገችው! ረዳቴን በክርኔ ጎሸም አደረግኩት፤ እሱም ገብቶት ዓይኑ ፈጠጠ።

ድርቅ ያለ ሶል ያደረገ፣ አስመጪው አለ። ያን ሁሉ የሚጮኽ ሰውዬ ይዤ ሱቁ ውስጥ አፋጠጥኩት። ትናንት ልጅቱ ቀድታ ከወጣች በኋላ የት ነበሩ? ስልክ ላይ። ከማን ጋር? ከወደብ ዕቃ አስተላላፊው ጋር። ስንት ሰው ስልክ ላይ ነበርኩ ይለኛል መሰላችሁ! ረዳቴ ወዲያው ለዕቃ አስተላላፊው ደወለ፤ እሱም አስመጪው ደወሉን ለመደወል ‹ቆይ አንዴ› እስካለው ድረስ እየጮኸ ጆሮውን እንዳደነቆረው ማለ። አስመጪው ወጣ፤ ሁለት ቀርተውኛል፣ ከረባትና ልጅቱ። ከረባት ደግሞ ከግርዶሹ ወዲያ ተቀምጦ ወይን ሲያገላብጥ ነበር። ይህን የሚያፈርስ ምን አለኝ?

ምንም። እኩለ ቀንም እየመጣ ነው።

ያን ጊዜ ነው የአራቱ ጠርሙሶች ነገር የመጣብኝ። ከነከረጢታቸው፣ ቡሻቸው ተመልሶ፣ መደርደሪያ ላይ ቆመዋል። ትናንት ሁለት ሰው ስለ ሦስተኛው ያወራልኝ ወሬ እንደ ሰማይና ምድር የተራራቀ ነበር። የሰው ምላስ እንዲህ ይራራቃል? ይህ በወሬ የሚታወቅ አይደለም።

«ይቅዱልኝ» አልኩት አስመጪውን። «በጥቁሩ ብርጭቆ፣ ልክ እንደ ትናንቱ።»

«ኢንስፔክተር፣ እርስዎ ወይን ይጠጣሉ?»

«አላውቅም። ዛሬ ይታያል።»

አራት ጥቁር ብርጭቆ ተደረደረልኝ። አስመጪው ሐዘኑን ረስቶ አስተማሪ ሆነ። «ያዙሩት። አይደለም፣ እጅዎን አይደለም፣ ብርጭቆውን! አሁን አፍንጫዎን ያስገቡ። ትንሽ ይጎንጩ፣ አየር ሳብ ያድርጉ፣ ጥርስዎንና ድድዎን ያዳርሱ። ከዚያ ይትፉ።»

ተፋሁ። ባልዲውን ስቼ የረዳቴን ጫማ አገኘሁት።

«ግድ የለም፣ አሮጌ ነው» አለ።

ግን አፌ ውስጥ የሆነውን እንዴት ልንገራችሁ? ጭስ! እሳት የሌለበት ጭስ፣ ከኋላው ደግሞ የፍሬ ጣዕም፣ መጨረሻ ላይ ትንሽ ቁንጥጫ። «እሾህ!» ብዬ ጮህኩ። «እሾህ ያለችው ይህን ነው!» ሁለተኛውን አነሳሁ፤ ልስልስ ብሎ ወረደ፣ ዳቦ ላይ የሚቀባ ማርማላታ። ወደ አንደኛው ተመለስኩ፣ ከዚያ እንደገና ወደ ሁለተኛው፤ አንዱ ሌላውን ይገልጠዋል። ብቻውን ስቀምሰው ያልሰማሁትን፣ ከጎኑ ሌላ ሲኖር ሰማሁት። እኔ፣ በዕድሜዬ ከሻይ አልፌ የማላውቅ ሴት፣ ከአገር አገር የምዘል መሰለኝ። አራተኛውን ዘልዬ ቀመስኩ፤ እውነትም ከንፈሬ ላይ ጨው ቀረ።

«አሁን ሦስተኛው» አልኩ።

ቀመስኩ። እንደገና ቀመስኩ።

እንጆሪ። ቅልል ያለ፣ ከምንም በላይ የቀለለ። አፌን ያሰረኝ ነገር የለም፤ ቆዳ የለም፣ ሻይ ቅጠል የለም። ሻይ ቅጠልን ደግሞ እኔ ነኝ የማውቀው!

«ይህን ወፍራም የሚል ሰው ይኖራል?» አልኩ። «አንዱ እንጆሪ ቢል ሌላው ቼሪ ይላል፣ እሺ። ግን ይህን ምላስ የሚያስር የሚል?»

«ምን ማለትዎ ነው? ሦስተኛው እኮ ያስራል። የኡራጓዩ ታናት ነው፣ በእጄ ያለበስኩት።» ብርጭቆዬን ተቀብሎ ጎንጨት አለ። ፊቱ ላይ ያለው ደም ሁሉ ሲወርድ አየሁት። «ይህ... ይህ የእኔ ወይን አይደለም!»

ከረጢቱን ገፈፈው። ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ቺሊ ይላል። ከአራቱ አገሮች ውስጥ ያልነበረች አገር።

«ታናቱ የት ሄደ ታዲያ?» ይላል ጭንቅላቱን ይዞ። «ማን ለወጠው?»

ረዳቴን አየሁት፤ እሱም አየኝ። ሁለታችንም ስለ አንድ ጠርሙስ ነበር የምናስበው። ቦርሳዬን ከፍቼ ሽማግሌው የተመታበትን ጠርሙስ ፎቶ አወጣሁ።

«ይሄ ነው!» አለ አስመጪው። «ይሄ ነው ታናቱ! ምድር ቤት ምን ይሠራል?»

«ጋሼ አፍንጫ ያወጡት ነው። ቁልፉ ያለው ከእሳቸውና ከልጃቸው ዘንድ ነው፤ ልጅቱ ብትለውጠው ለማን ትጠቅማለች? አልተፈተነች። አሁን ደህና አድርገው ያስቡ። ቅደም ተከተሉን ለማን ነገሩ?»

«ለማንም!» አለ። ከዚያ አፉን በመዳፉ ያዘ። «ወይኔ አፌ! ከትናንት በስቲያ ሆቴሉ ምሳ ጋበዘኝ... ከረባት። እየሳቀ ያወራኛል፣ ይቀዳልኛል። አራቱንም በተራቸው ነገርኩት መሰለኝ፤ ሦስተኛው ላይ ታናት አስገብቼ ጉድ አደርጋችኋለሁ እያልኩ። ጋሼም ወሬውን ሲሰማ ምንም አላለም፣ አየኝ ብቻ።»

«አምጡ ሌላ ታናት!»

ከሣጥን አወጣ፣ ቀዳ፣ ቀመስኩ። ያልበሰለ ሙዝ ልጣጭ የላስኩ ይመስል አፌ ድርቅ አለ፤ ከኋላው ቆዳና ሻይ ቅጠል መጣ። ከረባት ቃል በቃል የነገረኝ! ብርጭቆው ውስጥ ያልነበረውን ወይን ነው የነገረኝ። ተነስቼ ልጨፍር ምንም አልቀረኝም፤ «አልቀመሰም! ረዳቴ፣ ሰውዬው አልቀመሰም!» እላለሁ።

ረዳቴ ግን አፌን እያየ ይንከተከታል። «እትዬ ጉንዳን፣ ይቅርታ፣ ግን መስታወት ይዩ።»

ሱቁ ግድግዳ ላይ ባለው መስታወት ፈገግ አልኩ። ጥርሴ ሁሉ ጠቁሯል፤ ከንፈሬ ጠርዝ ላይ ወይን ጠጅ መስመር ተሰምሯል። ትናንት ድንጋጤ ያልኩት የጋዜጠኛዋ ከንፈር! ከረባት ደግሞ እዚያው ሰዓት፣ አራት ቀይ ወይን አገላበጥኩ ብሎ፣ በወተት ጥርሱ ሲስቅልኝ ነበር።

የሆቴሉ ምግብ አዳራሽ ገና ለምሳ እየተሰናዳ ነው። ከረባት ብርጭቆ ይወለውላል። አስመጪውንና እኔን ሲያይ ፈገግታውን አስቀደመ፤ የእኔን ጥርስ ሲያይ ግን ፈገግታው ትንሽ አነሰ።

«ኢንስፔክተር ወይን ጀመሩ ማለት ነው?»

«ጀመርኩ። አንድ ነገር ቸግሮኝ ነው፤ ያን ሦስተኛውን እስቲ ይድገሙልኝ።»

ደገመልኝ። ወፍራም፣ ምላስ የሚያስር፣ ቆዳ፣ ሻይ ቅጠል፣ ኡራጓይ። አንድ ቃል አልሳተም።

«ደወሉ እስኪደወል አፍዎ ውስጥ ነበር?»

«እንዴታ!»

ከቦርሳዬ ጥቁሩን ብርጭቆ አወጣሁ። ረዳቴ ከሦስተኛው ከረጢት ቀዳ። «ያው የትናንቱ ነው። ይቅመሱልኝ።»

ሰውዬው ጎበዝ ቀማሽ ነው፤ ይህን አልክድበትም። ብርጭቆው አፍንጫው ጋ ሲደርስ አወቀ፤ ገና ከንፈሩን ሳይነካ። ብርጭቆውን መልሶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ይህ ሌላ ነው» አለ።

«ይህ ነው። ጋሼ ለውጠውታል። ጋዜጠኛዋ ትናንት እንጆሪ ብላኛለች፤ ዛሬ እኔም ቀምሼዋለሁ። ታናቱ ከብርጭቆዎ ውስጥ አልነበረም። ታናቱ በእጅዎ ነበር። እሱን ይዘው ነው ሽማግሌውን የመቱት፤ ምን እንደያዙ እንኳ ሳያዩ።»

«ተጉመጥምጬ ነው እንጂ ቀምሻለሁ...» ብሎ ጀመረ፤ ስለ ጥርሱ ማንም እንዳልጠየቀው ሲያውቅ ግን ዝም አለ።

«ብርጭቆዎቹንስ ለምን ጥርግ አደረግካቸው?» አለ አስመጪው በቀስታ፤ ሲያንሾካሹክ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ቀማሽ ሊያወዳድር ይመለሳል ብሎ ያስተምረን የነበረው ጋሼ አይደለም እንዴ? አንተ ባልዲው ውስጥ ደፋኸው።»

ከረባት ወንበር ሳበ፤ ዛሬ ለራሱ ነው። ከረባቱን ፈታ።

«ስገባ በር ላይ ‹ስትጨርስ ውረድ› አሉኝ። መልሱን ስለማውቅ ምን እጨርሳለሁ? በኋላው በር ወጥቼ ወረድኩ። አልተቆጡም። ‹ማወቅህን አውቄአለሁ፤ አሞኛል በልና ደወሉ ሳይደወል ሂድ፣ ለማንም አልናገርም› አሉኝ።» ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ቢቆጡኝ ኖሮ እኮ... መራራታቸው ነው ያናደደኝ። ጀርባቸውን ሰጡኝ፣ ጠርሙስ አጠገቤ ነበር።»

«ልጅቱ ስትታሰር ምን አሉ?»

ሁለት እጁን ዘረጋ። ረዳቴ ካቴናውን ሲያስገባለት ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ከረባት አየሁት፤ ተራ ሰው ነበር።

አለቃዬን እጁ ላይ የልጅቱን ፋይል ይዞ በር ላይ አገኘሁት። ፋይሉን ቀማሁት ብል ይሻላል። ልጅቱን ራሴ አስወጣኋት፣ የሸራ ጫማዋን ማሰሪያውን ሳታስር አድርጋ ወጣች፤ መኪናው ውስጥ ከሐኪም ቤት ስልክ መጣ። ነቅቷል!

እንዴት እንደነዳን አታንሱብኝ። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ዘለልነው። ክፍሉ በር ላይ ስንደርስ አንድ የጽዳት ሠራተኛ ማጽጃ ባልዲ ተገልብጦባት ወለሉን ትጠርጋለች፤ ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ረዳቴ አስነጠሰ። ልጅቱ በእጅጌዋ አፍንጫዋን ይዛ እየሮጠች ገባች፣ እኔም በመሐረብ አፌን ሸፍኜ ተከተልኩ።

ሽማግሌው ጭንቅላቱ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ትራስ ተደግፎ ቁጭ ብሏል። ልጁን ሲያይ ሁለት እጁን ዘረጋ።

«አባዬ፣ ዞር በልልኝ ያልኩህ...»

«እሱን ተይው። ነይ።»

ደረቱ ላይ ወደቀች። እኔ ግን መርማሪ ነኝ፤ በደስታም ቀን ዓይኔ አያርፍም። ሽማግሌው እኛን በተራ በተራ ያያል።

«ምን ሆናችሁ ነው አፍንጫችሁን የያዛችሁት?» አለ።

ልጅቱ ቀና አለች። እሷ ከእኔ ቀድማ ነው የገባት፤ ከፊቷ አየሁት። ሽማግሌውም ከልጁ ፊት ላይ አነበበው። በቀስታ አየር ወደ ውስጥ ሳበ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፤ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ብርጭቆ ላይ እንደሚያደርገው። ከዚያ እጁን ወደ አፍንጫው ወስዶ አሸተተ፣ የልጁን ፀጉር ወስዶ አሸተተ። የራስ ቅል ሲመታ የማሽተት ነርቭ ሊበጠስ እንደሚችል፣ ይመለስ አይመለስ እንደማይታወቅ፣ ሐኪሙ በኋላ ነገረኝ። እሱ ግን ሐኪም አላስፈለገውም።

መሐረቤን ኪሴ ከተትኩ።

ሽማግሌው የልጁን እጅ ያዘ። ድምፁ ደካማ ነው፤ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«ምን ምን ይሸታል?»

«አባዬ...»

«አንቺን ነው የጠየቅኩት። ንገሪኝ።»

እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። እጅጌዋን ከአፍንጫዋ አወረደች፤ ያ ሁሉ ማጽጃ እያቃጠላት በረጅሙ ተነፈሰች።

«ክሎሪን ይቀድማል፣ የሚወጋ። ከሥሩ ሎሚ አለ፣ የውሸት ሎሚ። ከዚያ ራቅ ብሎ የአዮዲን፣ የተተኮሰ አንሶላ። አጠገብህ ያሉት ሰውዬ ብርቱካን ልጠዋል፤ የልጣጩ ዘይት አሁንም አየር ላይ አለ፤ ፍሬው ግን አልጣፈጣቸውም፣ ገና ጥሬ ነው። በመስኮቱ ደግሞ ዝናብ ሊመጣ ነው፣ አፈሩ ቀድሞ አውቋል...»

አጠገቡ ያለው በሽተኛ በግማሽ የተበላ ብርቱካኑን አየና ወደ እኛ ዞረ። ሽማግሌው ዓይኑን ጨፍኗል። እጇን አልለቀቀም።

«ቀጥዪ» አለ።